በማይሠራበት ሰዓት የሚተኛ ድራይቨር፦ በሊኑክስ ከርነል ለሲስተም-ኦን-ቺፕ የኃይል ቁጠባ አሠራር

ባለ 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ መሣሪያ አለ እንበል። አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንድን የሃርድዌር ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ማጥፋት የነበረበትን ክፍል ሳያጠፋ ቀርቶ 5 ሚሊአምፒር ብቻ ያለ ሥራ ቢያስበላ፣ ሌላው ሁሉ ምንም ባይወስድ እንኳ ባትሪው በ400 ሰዓት ያልቃል። ይህ 17 ቀን አይሞላም። ለአንድ ዓመት ሜዳ ላይ ይቆያል ተብሎ የታቀደ መሣሪያ በሦስተኛው ሳምንት የሚሞተው በዚህ ዓይነት ትንሽ ፍሳሽ ነው።

ብዙ ድራይቨር ጸሐፊዎች የኃይል ጉዳይን «መጀመሪያ ይሥራ፣ በኋላ እንጨምረዋለን» ብለው ያቆዩታል። በኔ እምነት ይህ ስህተት ነው። አንድ ድራይቨር መቼ ሥራ ላይ እንዳለና መቼ እንደማይፈለግ በትክክል የማያውቅ ከሆነ ያንን ዕውቀት ኋላ ላይ መሰካት ሙሉውን እንደገና ከመጻፍ አይተናነስም። ነገሩ የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የመጨረሻው ወጪ መብራቱን አጠፋ ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሒሳብ ዙሪያ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው በ2013 የወጣውን ቢግልቦን ብላክ የተባለ ሰሌዳ ነው። ልቡ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤኤም335ኤክስ ቺፕ ነው፤ ሲስተም-ኦን-ቺፕ የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩና መቆጣጠሪያዎቹ አብረው ያሉበት ዓይነት፤ አንድ ኮርቴክስ-ኤ8 ፕሮሰሰር አለው። ድራይቨር የምንጽፍለት ክፍል ደግሞ «አይቱሲ 2» የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው (አይቱሲ ሴንሰሮችን በሁለት ሽቦ የሚያገናኝ መስመር ነው)፤ በሰሌዳው ጠርዝ ፒ9 ላይ ቁጥር 19 እና 20 ፒኖች ላይ የሚወጣው። የሙቀት መለኪያ ሴንሰር የምንሰካው እዚያ ነው። ለዚህ መቆጣጠሪያ ከርነሉ ውስጥ «አይቱሲ ኦማፕ» የሚባል የበሰለ ድራይቨር ስላለ፣ የራሳችሁን እየጻፋችሁ ከሱ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። የፋንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ኮዱ ላይ ቃላቱ በትናንሽ የላቲን ፊደላት በአንደርስኮር ተያይዘው ይገባሉ።

1. መጀመሪያ ካርታውን ሣሉ

የቺፑን ቴክኒካል ማኑዋል ክፈቱና ለምትጽፉለት ክፍል አራት ጥያቄ መልሱ። ክሎኩ፣ ማለትም ክፍሉ የሚሠራበት የምት ምልክት፣ ከየት ይመጣል? በየትኛው የኃይል ክልል፣ ማለትም አብረው በሚበሩና በሚጠፉ ክፍሎች ስብስብ፣ ውስጥ ነው? ክፍሉን እንደ አዲስ የሚያስጀምረውን የሪሴት መስመር የሚቆጣጠረው ማን ነው? ቮልቴጁስ ከየትኛው ሬጉሌተር ይወጣል? አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ግን ወረቀቱ ሳይኖር ኮድ አትጀምሩ።

ሁለት ዓይነት መዝጋት እንዳለ ለይታችሁ እወቁ። ክሎክ ሲዘጋ ትራንዚስተሮቹ መገላበጥ ያቆማሉ፤ ሬጂስተሮች (ክፍሉ የሚታዘዝባቸው ትናንሽ ማኅደሮች) የያዙት ግን እንዳለ ይቆያል። የኃይል ክልሉ ራሱ ሲዘጋ ግን ሾልኮ የሚፈሰው ኤሌክትሪክም ይቆማል፤ በምትኩ ሬጂስተሮቹ የያዙት ሁሉ ይጠፋል። ድራይቨራችሁ ሲነቃ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠብቀው የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። (ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ቮልቴጅና ፍጥነትን መቀነስ። የሚባክነው ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱ ሳይቀየር ከ1.0 ወደ 0.8 ቮልት መውረድ ብቻ በመገላበጥ የሚጠፋውን ኃይል በ36 በመቶ ይቀንሰዋል። ይህ ግን በአብዛኛው ሲፒዩፍሬክና ዴቭፍሬክ የተባሉት የከርነል ክፍሎች ሥራ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም።)

በኤኤም335ኤክስ ላይ «አይቱሲ 2» ያለው የፔሪፈራል ክልል ውስጥ ነው። «አይቱሲ 0» ግን ሁልጊዜ ነቅቶ በሚቆየው የዌክአፕ ክልል ውስጥ ተቀምጧል፤ ምክንያቱም ሰሌዳውን የሚመግበው የኃይል ማከፋፈያ ቺፕ፣ ፒሚክ የሚሉት፣ የተሰካው እሱ ላይ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ «ዲፕስሊፕ 0» ሲገባ ዋናው ፕሮሰሰርም የፔሪፈራል ክልሉም ይጠፋሉ፤ ቤቱን የሚጠብቀው ትንሹ ኮርቴክስ-ኤም3 ነው። ስለዚህ የኛ መቆጣጠሪያ ከዚያ እንቅልፍ ሲነሳ ምንም አያስታውስም። ይህንን ወረቀታችሁ ላይ አስምሩበት።

2. ዲቫይስ ትሪውን አስተካክሉ

ዲቫይስ ትሪ የሰሌዳውን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚዘረዝር ፋይል ነው። እዚያ ክሎኩን «ክሎክስ»፣ የኃይል ክልሉን «ፓወር-ዶሜይንስ»፣ ሪሴቱን «ሪሴትስ» በሚሉት ባሕርያት አስገቡ። የኃይል ክልሉ እዚህ ከተጻፈ፣ ከርነሉ መሣሪያው ሲነቃና ሲተኛ ክልሉን ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይህን የሚሠራው ጄንፒዲ የሚባለው ክፍል ነው። በኤኤም335ኤክስ ላይ በቅርብ ከርነሎች አንድ ልዩ ነገር አለ፤ የሞጁሉን ክሎክ የሚይዘው «ቲአይ-ሲስክ» የተባለው ወላጅ ድራይቨር ነው። ልጁ ሲነቃ ወላጁ ቀድሞ ይነቃል፣ ክሎኩንም ይከፍታል። ስለዚህ እዚህ ቺፕ ላይ የናንተ ድራይቨር ክሎክ ላይነካ ይችላል። በሌሎች ብዙ ቺፖች ግን ክሎኩን የምትከፍቱትም የምትዘጉትም ራሳችሁ ናችሁ፤ ቀጣዩን ደረጃ የጻፍኩት ለሁለቱም እንዲሆን ነው።

3. ፕሮብ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ፕሮብ ከርነሉ ድራይቨሩን ከመሣሪያው ጋር ሲያገናኝ የሚጠራው ፋንክሽን ነው። ከዚህ በታች «ፒኤም ራንታይም» የሚሉት ጥሪዎች ደግሞ ሲስተሙ እየሠራ ሳለ አንዱን መሣሪያ ለብቻው የሚያስተኛው የከርነል ክፍል ናቸው። ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ መጀመሪያ «ተኝቷል» ብሎ ነው የሚመዘግበው። ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ክፍሉን ከፍቶት ከሆነና እናንተም እንደተከፈተ ልትቀጥሉበት ካሰባችሁ፣ «ፒኤም ራንታይም ሴት አክቲቭ» ብላችሁ መዝገቡን ከእውነታው ጋር አስማሙ፤ ያውም «ኢኔብል» ከማለታችሁ በፊት። ይህ ከተዘለለ ከርነሉና ሃርድዌሩ ገና ከመጀመሪያው አይግባቡም።

የኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። የሬጂስተሮቹን አድራሻ፣ ክሎኩንና ሬጉሌተሩን ውሰዱ። «ፒኤም ራንታይም ሴት ኦቶሰስፔንድ ዲሌይ» ብላችሁ መሣሪያው ሥራ ከፈታ በኋላ ከመተኛቱ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ አስቀምጡ፤ «ዩዝ ኦቶሰስፔንድ» አስከትሉ፤ ከዚያ «ፒኤም ራንታይም ኢኔብል»። አሁን «ፒኤም ራንታይም ሪዙም ኤንድ ጌት» ጥሩና መልሱን ፈትሹ፤ ይህ መሣሪያውን ያነቃል፣ የተጠቃሚዎቹን ቆጣሪም በአንድ ይጨምራል። ከዚህ መስመር በፊት አንድም ሬጂስተር አታንብቡ። የስሪት ቁጥሩን አንብባችሁ፣ መቆጣጠሪያውን አዘጋጅታችሁ፣ ኢንተራፕቱን (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) አስመዝግባችሁ፣ በመጨረሻ አዳፕተሩን፣ ማለትም መስመሩን ለሴንሰር ድራይቨሮች የሚያቀርበውን፣ አስመዝግቡ፤ ቀጥሎ የመጨረሻውን የሥራ ጊዜ የሚመዘግበው «ማርክ ላስት ቢዚ» እና ቆጣሪውን በአንድ የሚቀንሰው «ፑት ኦቶሰስፔንድ»።

አዳፕተሩ መጨረሻ የሚመዘገብበት ምክንያት አለው። በተመዘገበባት ቅጽበት ሥሩ ያለው የሴንሰር ድራይቨር ተነስቶ ንባብ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቤቱ ሳይሰናዳ እንግዳ መጣ ማለት ነው።

ፕሮብ መሃል ላይ ስህተት ቢመጣ ደግሞ የተከፈተው ሁሉ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይዘጋ። ድራይቨሩ ሲነሳ የሚጠራው ሪሙቭም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ «ሪዙም ኤንድ ጌት»፣ ቀጥሎ «ዶንት ዩዝ ኦቶሰስፔንድ»፣ «ፑት ሲንክ»፣ ከዚያ «ዲዜብል»። «ዲዜብል» ብቻውን መሣሪያውን አያስተኛም፤ ባለበት ሁኔታ ያቆመዋል እንጂ። ከርነል 5.15 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ከሆነ «ዴቭኤም ፒኤም ራንታይም ኢኔብል» ከዚህ ጥቂቱን በራሱ ያጸዳላችኋል።

4. የማስተኛውና የማንቂያው ፋንክሽን

ማስተኛት፦ መጀመሪያ የመቆጣጠሪያውን ኢንተራፕቶች ዝጉ። ቀጥሎ የዘጋችሁበትን ሬጂስተር መልሳችሁ አንብቡ። ይህች ንባብ ትርፍ ትመስላለች፤ ነገር ግን የጻፋችሁት ነገር ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ በሚያገናኘው መስመር (ባስ) ላይ ሊቆይ ስለሚችል ሃርድዌሩ ጋ ሳይደርስ ክሎኩ ሊዘጋ ይችላል። ንባቡ ጽሑፉ እንዲደርስ ያስገድዳል። ከዚያ «ሲንክሮናይዝ አይአርኪው» ብላችሁ በሌላ ኮር ላይ እየሮጠ ያለ ሃንድለር (ኢንተራፕት ሲመጣ የሚጠራው ፋንክሽን) ካለ እስኪጨርስ ጠብቁ። መጨረሻ ላይ ክሎኩን ዝጉ።

ማንቃት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ክሎክ፣ ሪሴት፣ ሬጂስተሮችን መሙላት፣ ኢንተራፕት መክፈት።

የሬጂስተሮቹን ጉዳይ በሚመለከት፣ «ይዘቱ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?» ብለው ለመገመት የሚደክሙ ድራይቨሮች አይቻለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። የክሎክ ማካፈያው፣ የዝቅተኛና የከፍተኛ ምልክት ቆይታው፣ የኢንተራፕት መክፈቻውና የማብሪያው ሬጂስተር በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትክክለኛ ዋጋቸውን ድራይቨሩ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ይያዝ፤ በተነቃ ቁጥር ሁሉንም ይጻፍ። ሬጂስተሮቹ ብዙ ከሆኑ የሬጂስተሮችን ቅጂ የሚይዝላችሁን የከርነል ክፍል፣ ሬግማፕን፣ ተጠቀሙ፤ ሲተኛ «ሬግካሽ ካሽ ኦንሊ» እና «ማርክ ደርቲ»፣ ሲነቃ ካሽ ኦንሊውን አንስታችሁ «ሬግካሽ ሲንክ»።

ማስተኛው ፋንክሽን የሚመልሰው ቁጥር ትርጉም አለው። መሣሪያው አሁን ሥራ ላይ ከሆነ «ኢቢዚ» ወይም «ኢአጌይን» መልሱ፤ ከርነሉ ነቅቶ እንዲቆይ ትቶት ሌላ ጊዜ ይሞክራል። ሌላ ስህተት ከመለሳችሁ ግን ስህተቱ ይመዘገብና ሁኔታው እስኪስተካከል የዚያ መሣሪያ የራንታይም እንቅስቃሴ ይታገዳል። ሳይታሰብ የተመለሰ አንድ ቁጥር ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው።

5. መግባትና መውጣት፦ ሒሳቡ የሚሳሳተው እዚህ ነው

ሃርድዌሩን የሚነካ እያንዳንዱ መንገድ በ«ጌት» ይጀመር፣ በ«ፑት» ይለቅ። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ያጣሁት በዚሁ ነው።

የሙቀት መመዝገቢያ ሠርቼ በባትሪ አቆምኩት። ጠረጴዛ ላይ እንከን አልነበረውም። ውጭ ሲወጣ ግን ካሰብኩት ጊዜ ሩቡን እንኳ ሳይቆይ ጠፋ። መልሼ አምጥቼ ስፈትሽ አሁንም ደህና ነው፤ ይተኛል፣ ይነቃል። ለቀናት ባትሪውን ስጠረጥር ቆየሁ። በመጨረሻ እዚያው ውጭ እየሠራ ሳለ የመሣሪያውን «ፓወር» ማውጫ ከፍቼ ቆጣሪውን የሚያሳየውን «ራንታይም ዩሴጅ» ፋይል ሳነብ 0 መሆን የነበረበት ቁጥር 37 ይላል። መዝገቡን ስመለከት ንባብ ሳይሳካ የቀረውም 37 ጊዜ ነው። የሴንሰሩ አንድ ሽቦ ላልቶ ነበር፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ንባቡ ይቋረጣል። ድራይቨሬ ደግሞ በስህተት ሲመለስ «ፑት» ሳይል ነበር የሚወጣው። ከመጀመሪያዋ ያልተሳካች ንባብ በኋላ መቆጣጠሪያው አንድም ጊዜ አልተኛም። ጠረጴዛዬ ላይ ሽቦው ስለማይወዛወዝ ስህተቱ አይታይም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ልማድ አለኝ። አንድ ፋንክሽን ውስጥ «ጌት» ካለ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ስህተትም ሆነ ስኬት ሁሉም ወደዚያ መውጫ ይሄዳል፣ «ፑት»ም እዚያ ይቀመጣል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በ«ፒኤም ራንታይም ጌት ሲንክ» ውስጥም አለ። ይህ ፋንክሽን ማንቃቱ ባይሳካም ቆጣሪውን ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ግን «አልተሳካም» ብሎ ዝም ብሎ ይመለሳል። ስህተቱ በየድራይቨሩ ስለበዛ ከርነል 5.10 ላይ «ሪዙም ኤንድ ጌት» ተጨመረ፤ እሱ ካልተሳካ የጨመረውን ራሱ ይቀንሳል። አዲስ ኮድ ስትጽፉ እሱን ምረጡ።

የተገላቢጦሹን ስህተት፣ ማለትም ተኝቶ ያለን ሃርድዌር መንካትን፣ ኤኤም335ኤክስ አይምርም። ክሎኩ የተዘጋ ሞጁል ሬጂስተር ሲነበብ ከርነሉ «ኤክስተርናል አቦርት ኦን ነን-ላይንፌች» ብሎ ይወድቃል። ይህን መልእክት ስታዩ ማኅደረ ትውስታ ተበላሸ ብላችሁ አትድከሙ፤ መጀመሪያ «ጌት» የቀረበትን መስመር ፈልጉ። አንዳንድ ሌሎች ቺፖች ምንም ሳይናገሩ ደርቀው ይቀራሉ፤ ከዚያ ይልቅ ይህ መልእክት ትልቅ ውለታ ነው።

6. ኢንተራፕት ሃንድለር

ሃንድለር ውስጥ «ሪዙም ኤንድ ጌት» አይጠራም፤ ጥሪው ቆሞ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ሃንድለር ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ስለማይፈቀድለት። ብዙ መሣሪያዎች አንድ የኢንተራፕት መስመር በሚጋሩበት ቺፕ ላይ ደግሞ የናንተ መሣሪያ ተኝቶ ሳለ ሃንድለራችሁ ሊጠራ ይችላል። «ፒኤም ራንታይም ጌት ኢፍ ኢን ዩዝ» ለዚህ የተሠራ ነው፤ መሣሪያው ነቅቶ በሰው እጅ ካልሆነ ምንም ሳትነኩ «የኔ አይደለም» ብላችሁ ተመለሱ፤ ከሆነ ሥራችሁን ጨርሳችሁ «ፑት» በሉ።

«ፒኤም ራንታይም አይአርኪው ሴፍ» የሚል አቋራጭም አለ፤ አልመክረውም። ዋጋው ወላጁ መሣሪያ ሁልጊዜ ነቅቶ መቆየቱ ነው፤ አንዱን ለማስተኛት ሌላውን ማሳደር።

7. ስንት ጊዜ ይጠብቅ?

ተኝቶ መነሳት በራሱ ኃይል ይበላል። አንድ ዙር መተኛትና መንቃት 2 ሚሊጁል ቢያስወጣ፣ ተኝቶ ሳለ ደግሞ 4 ሚሊዋት ቢቆጥብ፣ ከግማሽ ሰከንድ ላነሰ እረፍት ማስተኛቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የኦቶሰስፔንድ ጊዜውን ከመገመት ይልቅ አጠቃቀሙን እዩ። «አይቱሲ ኦማፕ» 1000 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ተከታትለው ለሚመጡ ንባቦች ጥሩ ነው። በየ10 ደቂቃው አንዴ ለሚነበብ ሴንሰር ግን ከንባቡ በኋላ ያለችው ያቺ አንድ ሰከንድ ብክነት ናት፤ ተጠቃሚው በ«ኦቶሰስፔንድ ዲሌይ ኤምኤስ» ፋይል ሊቀንሳት ይችላል።

8. መላው ሲስተም ሲተኛ

እስካሁን ያየነው አንድ መሣሪያ ለብቻው ሲተኛ ነው። ሰሌዳው በሙሉ ሲተኛ ከርነሉ «ፕሪፔር»፣ «ሰስፔንድ»፣ «ሰስፔንድ ሌት»፣ «ሰስፔንድ ኖአይአርኪው» በሚሉ ደረጃዎች ያልፋል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ከርነሉ ራሱ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አንድ «ጌት» ስለሚይዝ በናንተ «ፑት» የሚተኛ ነገር የለም። ሁለተኛ ማስተኛ ፋንክሽን አትጻፉ፤ «ፒኤም ራንታይም ፎርስ ሰስፔንድ» እና «ፎርስ ሪዙም» የጻፋችሁትን ያንኑ ይጠሩላችኋል፤ ቀድሞ የተኛ ከሆነም አይነኩትም።

ዋናው ጥያቄ በየትኛው ደረጃ ላይ ይሁን የሚለው ነው። የአይቱሲ መቆጣጠሪያ የሌሎች አገልጋይ ነው፤ ሴንሰሮችና ፒሚኮች በ«ሰስፔንድ» ደረጃ ላይ የመጨረሻ ትእዛዛቸውን የሚልኩት በሱ በኩል ነው። እሱ ቀድሞ ከተኛ እነሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ማስተኛቱን በመጨረሻው፣ በ«ኖአይአርኪው» ደረጃ ላይ አስቀምጡት።

ሲስተሙን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ዲቫይስ ትሪው ላይ «ዌክአፕ-ሶርስ» ጻፉ፤ ድራይቨሩ ላይ «ዴቭ ፒኤም ሴት ዌክ አይአርኪው» ጨምሩ።

9. ፈተና

ከርነሉን ስትገነቡ «ፒኤም አድቫንስድ ዲባግ»ን ክፈቱ፤ «ራንታይም ዩሴጅ» የሚታየው ያኔ ነው። «ኮንትሮል» የሚለው ፋይል «ኦን» ሳይሆን «ኦቶ» መሆኑንም አረጋግጡ፤ «ኦን» ከሆነ መሣሪያው እንዳይተኛ ታግዷል፣ ቆጣሪውም አንድ ጨምሯል።

ለመጀመሪያ ፍተሻ የክሎኩን ሁኔታ በዲባግ ማውጫው «ክሎክ ሰመሪ» ላይ ተመልከቱ። ኤኤም335ኤክስ ላይ ሌላም ምስክር አለ፤ የሞጁሉ ክሎክ መቆጣጠሪያ ሬጂስተር ቢት 16 እና 17 የሃርድዌሩን እውነተኛ ሁኔታ ይናገራሉ። 0 ከሆኑ እየሠራ ነው፣ 3 ከሆኑ ተዘግቷል። ሶፍትዌሩ «ተኝቷል» ሲል ሃርድዌሩም የሚስማማ መሆኑን የምታውቁት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ድራይቨሩን 100 ጊዜ አንባይንድና ባይንድ አድርጉት፤ ከመሣሪያው አላቅቁት፣ መልሳችሁ አገናኙት። ሒሳቡ ከተዛባ ከርነሉ «አንባላንስድ ፒኤም ራንታይም ኢኔብል» ይላችኋል። ከዚያ በኦቶሰስፔንዱ ጊዜ አካባቢ፣ ትንሽ ቀደም ትንሽ ዘግየት እያለ፣ ለምሳሌ በ990፣ በ1000 እና በ1010 ሚሊሰከንድ ልዩነት የሚያነብ ስክሪፕት ለሰዓታት አሂዱ። መተኛትና መንቃት የሚጋጩት በዚያች ጠባብ ጊዜ ነው። ለሲስተም እንቅልፍ «ፒኤም ቴስት» ውስጥ «ፕላትፎርም» ጻፉና አስተኙት፤ ሲስተሙ በእውነት ሳይጠፋ የድራይቨሮቹ ፋንክሽኖች፣ የ«ኖአይአርኪው» ደረጃው ጭምር፣ ይፈተናሉ። እዚያ ሳያልፍ ወደ እውነተኛው እንቅልፍ አትሂዱ።

ኃይሉን ለመለካት ባለ 0.1 ኦም ሬዚስተር ያለው አይኤንኤ219 ሞጁል በቂ ነው፤ በ100 ሚሊአምፒር 10 ሚሊቮልት ታያላችሁ። ነገር ግን ቢግልቦን ብላክ በጠቅላላው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፒር የሚበላ ሰሌዳ ስለሆነ፣ የአንድ አይቱሲ ክሎክ መዘጋት በጠቅላላ ልኬቱ ውስጥ አይታይም። ቁጥሩ አልቀነሰም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ እዚህ የምታምኑት ሬጂስተሩንና «ራንታይም ሰስፔንድድ ታይም»ን ነው። ልኬቱ የሚናገረው የፔሪፈራል ክልሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሽቦ መንቀል ነው። ስክሪፕቱ እያነበበ ሳለ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ ንቀሉ፤ ነቅላችሁም አሳድሩት። ጠዋት ስክሪፕቱን አቁማችሁ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቃችሁ «ራንታይም ዩሴጅ»ን አንብቡ። 0 ካለ ድራይቨሩ ሜዳ መውጣት ይችላል።